ለፊልም ድምፅ ሥራ በአቅማችን ኮምፒውተር ስንመርጥ

እንደምን ዋላችሁ።

የፊልም ድምፅ መሥራት የሚፈልግ ወጣት ሲያገኘኝ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ኮምፒውተር ነው። «የቱን ላፕቶፕ ልግዛ?» ይለኛል። ብዙ ጊዜ ዕቁብ ደርሶት ወይም ከቤተሰብ ተበድሮ ነው የሚመጣው። ያለውን ብር በሙሉ ላፕቶፑ ላይ ሊያፈሰው ቆርጧል። «ሄድፎንስ?» ስለው «እሱ ይደርሳል» ይለኛል። «መቅረጫስ?» «ለጊዜው በስልኬ።»

ይኼ ነገር ያሳስበኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ኤሌክትሮኒክስ ዋጋው ንሯል። አንዴ የወጣ ብር ደግሞ በቀላሉ አይተካም። ስለዚህ ዛሬ የመጣሁት ኮምፒውተር ላይ የምታወጡትን ብር ልቀንስላችሁ ነው። የፊልም ድምፅ ኮምፒውተሩን ብዙም አያስጨንቀውም። የሚያስጨንቀው ጆሯችንን ነው። ከበጀታችሁ ግማሹ ለኮምፒውተር ይበቃል። ቀሪው ለመስሚያና ለመቅረጫ ይሁን።

በቁጥር ላሳያችሁ። የፊልም ድምፅ በአብዛኛው የሚሠራው በ48 ኪሎኸርዝ፣ በ24 ቢት ነው፤ ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ ይለካል፣ እያንዳንዱ ልኬት 24 ቢት ይይዛል ማለት ነው። አንድ ሞኖ ትራክ በሰከንድ የሚፈልገው 144 ኪሎባይት ነው። የ90 ደቂቃ ፊልም አንድ ትራክ ከዳር እስከ ዳር ብትሞሉት 780 ሜጋባይት አይደርስም። አሁን 100 ትራክ በአንድ ጊዜ ይጫወት እንበል። በሰከንድ 14.4 ሜጋባይት ነው። ተራ የሳታ ኤስኤስዲ (የማይሽከረከር ዲስክ) በሰከንድ 500 ሜጋባይት ገደማ ያነባል። ያ ማለት ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ የወጣ ደህና የቢሮ ላፕቶፕ ይኼን ሥራ ይችለዋል።

ታዲያ ኮምፒውተራችን ስታክ የሚያደርገው ለምንድን ነው? ብዙውን ጊዜ ጥፋተኛው ድምፁ ሳይሆን ቪዲዮው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው አላግባብ አዲስ ላፕቶፕ የሚገዛው በዚህ የተነሳ ነው።

ኤዲተሩ ፊልሙን ቆርጦ ሲጨርስ በኤች.264፣ ቪዲዮን አጥብቆ በሚጨምቅ አሠራር፣ አውጥቶ ይልክልናል። ፋይሉ ትንሽ ስለሆነ በቴሌግራምም በፍላሽም ለመላክ ይመቸዋል። ግን ይኼ አሠራር ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጠው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። መሀል ላይ ያሉት ፍሬሞች ከጎረቤቶቻቸው የሚለዩበትን ነገር ብቻ ነው የሚይዙት። ቁጭ ብሎ ፊልም ለሚያይ ሰው ችግር የለውም። እኛ ግን ፊልም አናይም። በሩ የተዘጋበትን ፍሬም ለማግኘት አንድ ፍሬም ወደፊት፣ ሁለት ፍሬም ወደኋላ፣ እንደገና ወደፊት እያልን እንውላለን። በእያንዳንዷ ጠቅታ ፕሮሰሰሩ ወደኋላ ተመልሶ ሙሉውን ሥዕል ፈልጎ፣ ከዚያ እየደመረ የእኛን ፍሬም መሥራት አለበት። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ፋኑ ይጮኻል፣ ድምፁ ይቆራረጣል። እኛም «ኮምፒውተሬ አረጀ» እንላለን።

ለኤዲተሩ ደውሉለት። «ቪዲዮውን በፕሮሬስ ፕሮክሲ ወይም በዲኤንኤክስኤችዲ 36፣ በ1080 አውጣልኝ፤ ታይምኮዱም ሥዕሉ ላይ ይታይ» በሉት። 1080 የሥዕሉ መጠን ነው፤ ታይምኮድ ደግሞ የእያንዳንዱን ፍሬም ሰዓት የሚነግር ቁጥር ነው። በእነዚህ አሠራሮች እያንዳንዱ ፍሬም ራሱን የቻለ ነው። ፋይሉ ይተልቃል። ዲኤንኤክስኤችዲ 36 ለ90 ደቂቃ 24 ጊጋባይት ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ በሃርድ ዲስክ ተቀበሉት። ፕሮሰሰሩ ግን እፎይ ይላል። ፊልሙን የ20 ደቂቃ ሪል እያደረገ ከፋፍሎ ከላከላችሁ ደግሞ ይበልጥ ይቀላል። ይኼ ሁሉ የሚያስወጣችሁ የስልክ ካርድ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ሸክም ፕለጊን ነው፤ ድምፁን ለመለወጥ ሶፍትዌሩ ላይ የምንጨምረው ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ኮንቮሉሽን ሪቨርብ (የእውነተኛ ቦታን ማስተጋባት የሚሰጠው) እና የዲያሎግ ማጽጃ ፕሮሰሰር ይበላሉ። ማጽጃውን ግን በቀጥታ እያሠራችሁ መስማት አያስፈልጋችሁም። ክሊፑን አጽዱ፣ ሬንደር አድርጉ (እንደ አዲስ ፋይል አውጡት)፣ ፕለጊኑን አጥፉ። ኦሪጅናሉን ከሥሩ ባለ ትራክ ላይ ድምፁን ዘግታችሁ አስቀምጡት። ደካማ ኮምፒውተር ያስጠብቃችኋል እንጂ ሥራውን አይከለክላችሁም።

ደግሞ የሙዚቃ ሰዎች የሚሰጡትን ምክር እንዳለ አትውሰዱ። እነሱ ኪቦርድ ሲነኩ ድምፁ ወዲያው መውጣት አለበት። ስለዚህ በፈሩን (ድምፁ ከመውጣቱ በፊት የሚጠራቀምበትን መጠን) ዝቅ ያደርጉታል፣ ፕሮሰሰሩም ይጨነቃል። እኛ ስንቆርጥና ስንቀላቅል በፈሩን 1024 ላይ ብናደርገው የሚዘገየው 21 ሚሊሰከንድ ነው። በ25 ፍሬም የሚሄድ ፊልም አንዱ ፍሬም 40 ሚሊሰከንድ ነው። ስለዚህ አይጎዳንም። ዳቢንግ (ተዋናዩ ንግግሩን እንደገና ሲናገር) እና ፎሊ (እንደ እርምጃ ያሉ ድምፆችን ሥዕሉን እያየን ስንሠራ) ስንቀርጽ ብቻ ወደ 128 እናወርደዋለን። ያን ጊዜም ፕለጊኖቹን እናጥፋቸው።

አሁን ወደ ሱቅ እንሂድ። መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ ቦሌ፣ ወይም የቴሌግራም ቻናል ላይ ብትገቡ ዓይን አዋጅ ይሆንባችኋል። ሻጩ መጀመሪያ የሚነግራችሁ «ኮር አይ7 ነው» የሚለውን ነው። እስቲ ሁለት ላፕቶፖችን ጎን ለጎን እንያቸው። አንዱ አይ7-7500ዩ ይላል። ሌላው አይ5-8250ዩ። ብዙ ሰው ተጨማሪ ብር ከፍሎ አይ7ቱን ይወስዳል። አይ7ቱ ግን 7ኛ ጀነሬሽን ነው፤ ያለው 2 ኮር (ሥራውን የሚካፈል የፕሮሰሰር ክፍል) ነው። አይ5ቱ 8ኛ ጀነሬሽን ነው፤ 4 ኮር አለው። ለእኛ ሥራ አይ5ቱ በብዙ ይበልጣል። ስለዚህ የተለጠፈውን ስቲከር ተዉት። ከሰረዙ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ ቁጥር እዩ፤ ከ10ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ከሆነ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቁጥሮች።

8ኛ ጀነሬሽን ላይ አጥብቄ የምቆምበት ሌላም ምክንያት አለ። ዊንዶውስ 11 በደንቡ መሠረት የሚቀበለው የኢንቴል ፕሮሰሰር በአብዛኛው ከ8ኛ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን ነው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ደግሞ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ዛሬ 7ኛ ጀነሬሽን የሚገዛ ሰው መንገዱ የተዘጋ ማሽን ነው የሚገዛው። የኢንቴል ተፎካካሪ የሆነውን ኤኤምዲ ካገኛችሁ ራይዘን 5 5500ዩ ባለ 6 ኮር ስለሆነ በጣም ደህና ነው።

ራም 16 ጊጋ ይሁን። በ8 ጊጋ ዲያሎግ መቁረጥ ይቻላል፤ ግን ቪዲዮ፣ ሪቨርብና ብሮውዘር አብረው ሲከፈቱ ይጠባል። አሁን 8 ብቻ መግዛት የምትችሉ ከሆነ ሁለት የራም ቦታ ያለው ላፕቶፕ ፈልጉ። ነገ ብር ስታገኙ ትጨምራላችሁ። ሌኖቮ ቲንክፓድ ቲ480ና ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ5 ሁለት ቦታ አላቸው። ቲ480ኤስ ግን አንዱ ራም ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። በስም አንድ ፊደል ነው የሚለያዩት፤ ስለዚህ አስተውሉ።

ቲ480ን በተለይ የምወደው ለመብራታችን ነው። ሁለት ባትሪ አለው። አንዱ ውስጥ ነው፣ ሌላው ከኋላ ይነቀላል። መብራት ጠፍቶ የኋላው ባትሪ ሲያልቅ ኮምፒውተሩን ሳታጠፉ ነቅላችሁ ሌላ መክተት ትችላላችሁ። ሚክስ መሀል ላይ መብራት ሄዶበት የሚያውቅ ሰው ይኼ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ዲስክን በተመለከተ፣ ሲስተሙና የያዛችሁት ፕሮጀክት የግድ ኤስኤስዲ ላይ ይሁኑ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ አንድ ረጅም ፋይል ሲያነብ ፈጣን ነው። የፊልም ድምፅ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ትናንሽ ቁርጥራጮች ናቸው። የዲስኩ ራስ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል በእያንዳንዱ ጊዜ አሥር ሚሊሰከንድና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። 60 ትራክ ላይ ይኼ ተደማምሮ ያንቃል። ሃርድ ዲስኩን ለቅጂ አስቀምጡት። የሰው ፊልም እጃችሁ ላይ ነውና ሁልጊዜ ሌላ ዲስክ ላይ፣ ሌላ ቤት ውስጥ አንድ ቅጂ ይኑር።

ግራፊክስ ካርድ ለድምፅ አያስፈልግም። የጌም ላፕቶፕ አትግዙ። ዋጋው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ያልቃል፣ ባትሪው ቶሎ ይሞታል፣ ፋኑም ይጮኻል።

ፋኑን ካነሳሁ አይቀር፣ ሰዎች ጨርሶ የማይጠይቁት ጥያቄ ይኼ ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ስንት ድምፅ ያወጣል? አንዲት እናት ሌሊት ላይ ብቻዋን ተቀምጣ በሹክሹክታ የምትጸልይበት ትዕይንት እየሠራችሁ ነው እንበል። ከቀረጻው ሥር ቀጭን «ሽሽሽ» አለ። ላፕቶፓችሁ ከፊታችሁ «ሽሽሽ» እያለ ከሆነ የቀረጻውን አትሰሙትም። ሸፍኖታል። ጸድቷል ብላችሁ ታልፉታላችሁ። ሲኒማ ቤት ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ጸጥ ባለበት፣ ያኔ ይወጣል። አንዳንዴም ተቃራኒው ይሆናል። የሌለ ድምፅ እያጸዳችሁ የተዋናይዋን ትንፋሽ አብራችሁ ትበሏታላችሁ። ያቺ ትንፋሽ ናት ጸሎቱን እውነት የምታደርገው።

ስለዚህ ማክቡክ ኤር ኤም1 ጥሩ አማራጭ የሚሆነው በፍጥነቱ ብቻ አይደለም። ከነጭራሹ ፋን የለውም። ከኅዳር 2013 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ላይ ስለሆነ ያገለገለው በብዛት ይገኛል። እዚያው ክፍል ውስጥ ማይክ ተክላችሁ ዳቢንግ ብትቀርጹ አያስቸግራችሁም። ጉድለቱ ራሙም ኤስኤስዲውም ቦርዱ ላይ የተበየዱ መሆናቸው ነው። የገዛችሁትን ይዛችሁ ነው የምትኖሩት። ማክ ስትገዙ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ተሰርዞ፣ ኢንተርኔት ተገናኝቶ፣ እንደ አዲስ ሲነሳ ካላያችሁ ብር አትክፈሉ። የውጭ ድርጅት ንብረት የነበረ ከሆነ ሲነሳ የርቀት ቁጥጥር ገጽ ያመጣል። የቀድሞ ባለቤት አካውንት ያልወጣለትም አለ። ሁለቱም አደጋ ናቸው።

ዊንዶውስ ላፕቶፕም ቢሆን ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ፍላሹ ላይ 60 ትራክ ያለው ፕሮጀክት፣ አንድ የፕሮሬስ ቪዲዮና ሪፐር የሚባለው የድምፅ መሥሪያ ሶፍትዌር ይኑር። ሪፐር ሳይጫን ከፍላሽ ላይ መነሳት ይችላል። ታስክ ማናጀርን ክፈቱ። ኮሩ ስንት እንደሆነ፣ ከራም ቦታው ስንቱ እንደተያዘ እዚያ ይነግራችኋል። ከዚያ ፕሮጀክቱን አጫውቱ። ሱቁ ጫጫታ ስለሆነ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ወደ ደረጃው ወጣ በሉና ጆሯችሁን አስጠጉ። ቀጥሎ ሌተንሲሞን የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር አሥር ደቂቃ አሠሩት። ፕሮሰሰሩ ጠንካራ ሆኖ እያለ የዋይፋይ ወይም የባትሪ ድራይቨር (ዕቃውን የሚያሠራው ሶፍትዌር) ድምፁን ሊያቆራርጠው ይችላል። ሌተንሲሞን ጥፋተኛውን በስሙ ይጠራላችኋል። ዋይፋዩን ስታጠፉ ከተስተካከለ ግዙት፤ ስትሠሩ ዋይፋይ አያስፈልጋችሁም። ሻጩ «ስትፈትሽ ልትውል ነው እንዴ?» ካላችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ሶፍትዌር ላይ አጭር ልሁን። ትልልቅ ስቱዲዮዎች ፕሮ ቱልስ ነው የሚጠቀሙት። ክፍያው በየጊዜው፣ በዶላር ነው። ነፃው ስሪት 8 የድምፅ ትራክ ብቻ ስለሚፈቅድ ለፊልም አይሆንም። ሪፐር በግሉ ለሚሠራና ገቢው አነስተኛ ለሆነ ሰው 60 ዶላር ነው፤ ለ60 ቀን ሙሉውን ትሞክሩታላችሁ። በደካማ ማሽን ላይ ቀላል ነው። ጉድለቱ ከኤዲተሩ የሚመጣውን ኤኤኤፍ ፋይል፣ ማለትም የተቆረጠው ድምፅ በየቦታው ተደርድሮ የሚመጣበትን፣ በራሱ አለመክፈቱ ነው። ዳቪንቺ ሪዞልቭ ይከፍተዋል። ውስጡ ፌርላይት የሚባል ሙሉ የድምፅ ክፍል አለው፤ ነፃው ስሪትም ብዙ ያሠራል። ግን ራምና ግራፊክስ ይወዳል። ስለዚህ አንዳንዶች ሪዞልቭ ላይ ከፍተው፣ ትራኮቹን አውጥተው፣ ሪፐር ላይ ይሠራሉ። የዶላር ክፍያው ውጭ ባለ ዘመድ በኩል ይፈታል። ክራክ ግን እለምናችኋለሁ ተዉ። ቫይረሱ የሚገባው የሰው ፊልም ያለበት ማሽን ላይ ነው።

ቀሪው ግማሽ ብር የት ይግባ? አንደኛ፣ ዝግ ሄድፎን። ሶኒ ኤምዲአር-7506 ዋጋው መካከለኛ ነው፤ በዓለም ዙሪያ የፊልም ቀረጻ ባለሙያዎች ጆሮ ላይ ለዓመታት የኖረ ነው። ስፒከር ይቆይ። ባዶ ግድግዳ ባለው ትንሽ ክፍል ውስጥ ውድ ስፒከርም ይዋሻል።

ሁለተኛ፣ መቅረጫ። ይኼን በሙሉ ልቤ ነው የምላችሁ። አገራችንን የሚመስል ድምፅ በተገዛ ላይብረሪ ውስጥ እምብዛም አታገኙም። በአማርኛ ፊልም ውስጥ ሠፈሩ አራት ኪሎ ሆኖ ከሩቅ የሚሰማው የአሜሪካ ሳይረን ሲሆን ተመልካቹ ምን እንደጎደለ ባያውቅም ከታሪኩ ይወጣል። የሚኒባሱ በር ተንሸራቶ ሲገጥም፣ ረዳቱ ሲጣራ፣ ቡና ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ፣ ጀበና ሲንተከተክ፣ ዝናቡ መጀመሪያ በጠብታ ከዚያ በአንዴ ቆርቆሮውን ሲመታው፣ ይኼን ሄዳችሁ መቅረጽ አለባችሁ። እንደ ዙም ኤፍ3 ያሉ መቅረጫዎች በ32 ቢት ፍሎት ስለሚቀርጹ ድንገት ነጎድጓድ ቢመጣም ቀረጻው አይሰበርም። እሱ ካልተቻለ ያገለገለ የዙም ኤች4ኤን ያሠራችኋል። አንድ ክረምት የራሳችሁን ላይብረሪ ከሰበሰባችሁ የትኛውም ፕሮሰሰር የማይሰጣችሁን ነገር ይዛችኋል።

ይኼን ከተናገርኩ በኋላ ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ ላስፍር።

አንዱ ወንድማችን «በአንድ ዋጋ ባለ 8 ጊጋ ኤም1 ማክቡክ እና ባለ 16 ጊጋ ቲ480 ባገኝ?» ብሎ ጠየቀ። ዲያሎግና ዳቢንግ ላይ የምታተኩር ከሆነ ማክቡኩን ውሰድ፤ ጸጥታው ይጠቅምሃል። ሪዞልቭ ላይ የምትሠራ ወይም ብዙ ሪቨርብና ድባብ የምትደራርብ ከሆነ፣ በራስህ እጅ ራምና ዲስክ መጨመርም የምትፈልግ ከሆነ ቲ480ው ይሻልሃል። ዴስክቶፕስ ላልከው፣ ባለ 6 ኮር አይ7-8700 ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ከሁለቱም ሊረክስና ሊጠነክር ይችላል። ዩፒኤስና ስክሪን ግን ዋጋው ላይ ደምርበት። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ከኋላው 115 እና 230 የሚል የቮልቴጅ መቀያየሪያ ካለው 230 ላይ መሆኑን ሳታይ አትሰካው።

አንዲት እህታችን ደግሞ ያላት ባለ 2 ኮር፣ 4 ጊጋ ራም ያለው አሮጌ ላፕቶፕ ብቻ ነው። «ብር እስክይዝ ልጠብቅ?» አለች። አትጠብቂ። መጀመሪያ ሃርድ ዲስኩን አስወጥተሽ ኤስኤስዲ አስገቢበት፣ ራሙንም የሚቀበል ከሆነ ወደ 8 አሳድጊው። ሄድፎኑን አሁኑኑ ግዢ፤ አዲስ ላፕቶፕ ስትገዢም አብሮሽ ይሄዳል። ቪዲዮውን ከ1080 በሚያንሰው በ540 የሥዕል መጠን አስወጪ። አንድ ሪል ብቻ ክፈቺ። ዲያሎጉን ቆርጠሽ፣ አጽድተሽ፣ ወደ አንድ ፋይል ሬንደር አድርጊና ዝጊው። ከዚያ ድባቡን በሌላ ፕሮጀክት ክፈቺ። ፎሊውንም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ ሦስቱን ፋይሎች ብቻ አንድ ላይ አምጥተሽ ቀላቅይ። ያንቺ ላፕቶፕ ሦስት ትራክ ለማጫወት አይቸገርም።